ለቤተሰብዎ ጤና የሚስማማውን ምድጃ መምረጥ፦ ከማገዶ እስከ ኢንዳክሽን

ምድጃ ሊገዛ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። ቀጥሎ “መብራት ይበላል ወይ?” ይላል። ቶሎ ያበስል እንደሆነ፣ ጀበና ይጣድበት እንደሆነም ያጣራል። ጤና ግን ብዙ ጊዜ አይነሳም። ሳል አልለቅ ያላት እናት ወይም አስሙ በየጊዜው የሚነሳበት ልጅ ወደ ክሊኒክ ሲመጡ ግን ከምጠይቃቸው የመጀመሪያ ጥያቄዎች ሦስቱ ስለ ወጥ ቤት ናቸው፦ በምን ታበስላላችሁ? የት ታበስላላችሁ? ሲበስል አጠገቡ የሚቀመጠው ማን ነው?

ለሁሉም ቤት የሚሆን አንድ ምድጃ የለም። አስም ያለበት ልጅ ላለበት ቤት የሚሻለው፣ የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው ከሚሻለው ሊለይ ይችላል። ለሳንባ ከሚከብደው ወደሚቀለው ሲደረደር ማገዶና ኩበት ይቀድማሉ፤ ከሰልና ላምባ ይከተላሉ፤ ከዚያ ጋዝ፣ በመጨረሻ ኤሌክትሪክና ኢንዳክሽን ይመጣሉ። ይህ ቅደም ተከተል ግን ለሳንባ ብቻ ነው። በአንድ ሌሊት መላ ቤተሰብ ሊያጠፋ የሚችለውን ብንጠይቅ መጀመሪያ የሚነሳው ከሰል ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥም ሰፊውን ቦታ የያዘው እሱ ነው።

ማገዶና ኩበት

በዓለም ጤና ድርጅት ግምት፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው።

ጭስ ውስጥ በዓይን የማይለዩ ደቃቅ ብናኞች አሉ። ብናኞቹ አፍንጫና ጉሮሮ ሳያስቀሯቸው እስከ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ይደርሳሉ። በሕፃናት ላይ ለሳንባ ምች ያጋልጣሉ። በነፍሰ ጡር ሴት ላይ ደግሞ ክብደቱ ዝቅተኛ የሆነ ልጅ ከመውለድ ጋር ይያያዛሉ። በዕድሜ የገፉ ሴቶች ላይ የምናየው ሥር የሰደደ የሳንባ አየር ቧንቧ መጥበብ ብዙ ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው። እነዚህ እናቶች ሲጋራ አጭሰው አያውቁም፤ ነገር ግን ሠላሳና አርባ ዓመት ሙሉ በሦስት ጉልቻ ላይ እንጀራ ጋግረዋል። ሲተነፍሱ ሲር ሲር ይላል፣ ዳገት ሲወጡ ያለከልካሉ፣ በየዓመቱ ክረምት ይብስባቸዋል። “እርጅና ነው” ተብሎ መተው የለበትም፤ ሕክምና አለው።

የተሻሻሉ የማገዶ ምድጃዎች፣ ለምሳሌ ለእንጀራ መጋገሪያ የሚያገለግለው ምርት ምድጃ፣ እሳቱን ስለሚከልሉ ማገዶ ይቆጥባሉ፣ ጭሱንም ይቀንሳሉ። ጋጋሪዋም በእሳት ከመያዝ በተሻለ ሁኔታ ትጠበቃለች። ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ሆኖም ምድጃውን መቀየር ብቻውን በቂ ላይሆን ይችላል። በማላዊ ገጠር ከ10 ሺህ በላይ ሕፃናትን ያካተተና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ የተሻሻለ የማገዶ ምድጃ ያገኙት ቤቶች ውስጥ የሳንባ ምች ከሌሎቹ ቤቶች ሲያንስ አላገኘም። ጭሱ ቀንሶ ይሆናል እንጂ አልጠፋም፤ ከሌላ ቦታ የሚመጣ ጭስም አለ።

ስለዚህ ማገዶን መተው ለማይችል ቤት የምመክረው ከምድጃው ይልቅ ስለ ቦታው ነው። ማብሰያው ከመኝታ ክፍል የተለየ ይሁን። ጭሱ በላይ በኩል የሚወጣበት ቀዳዳ ወይም ማውጫ ይኑረው። እንጨቱ ይድረቅ፤ እርጥብ እንጨት በብዙ እጥፍ ይጨሳል። ከሁሉም በላይ ሕፃኑ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ምድጃ ዳር አይዋል። ጨቅላው ትንፋሹ ፈጣን ስለሆነ፣ ከክብደቱ ጋር ሲመዘን ከእናቱ የበለጠ ጭስ ይስባል። እሳቱ እስኪያልፍ አያት፣ አባት ወይም ታላቅ እህት ይያዙት።

ከሰል

ከሰል እንደ ማገዶ ስለማይጨስ ብዙዎች ንጹሕ ይመስላቸዋል። ችግሩ የሚጀምረውም ከዚሁ ነው። የማገዶ ጭስ ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፤ ሰው ሳይወድ በግድ በሩን ይከፍታል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ አያስልም። የተኛን ሰው አይቀሰቅስም፤ እንዲያውም ይበልጥ ያስተኛዋል።

“ጭሱ እስኪያልቅ ውጭ አቆይቼ፣ ፍም ሲሆን ነው ያስገባሁት” የሚል መልስ በድንገተኛ ክፍል ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ይህን የሚሉ ሰዎች ተጠንቅቀው ነበር፤ የተጠነቀቁት ግን ከማይገድለው ጭስ ነው። የቀላ ፍምም ሆነ አመድ የለበሰ ፍም ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ ጋዙን ይለቃል። ማንደጃው አጠገብ ውሃ ማስቀመጥ ወይም መስኮቱን በጣት ስፋት ገርበብ ማድረግ አያድንም።

ጋዙ የሚጎዳው እንዲህ ነው። በደም ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚ የሆነው ሄሞግሎቢን ካርቦን ሞኖክሳይድን የሚይዘው ኦክስጅንን ከሚይዝበት ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ነው። ሰውየው ይተነፍሳል፣ ልቡም ይመታል፤ ደሙ ግን ለአንጎልና ለልብ ኦክስጅን አያደርስም። የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መዛል ናቸው። ቀጥሎ ግራ መጋባት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ ራስን መሳት ይመጣል። ነቅቶ ያለ ሰው “ትንሽ ጋደም ልበል” ብሎ ይተኛል፤ አደጋውም እዚያ ላይ ይበረታል።

አንድ ጠዋት አራት የቤተሰብ አባላት አብረው መጡ። እናትዬው “የትናንት ማታው ምግብ ነው የመረዘን” አሉ። ሁሉንም ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ሁለቱን ያስመልሳቸዋል፤ ነገር ግን ተቅማጥም ትኩሳትም የለም። አምስተኛዋ ልጅ ያንኑ ምግብ በልታ ምንም አልሆነችም። ልዩነቱ እሷ የተኛችው ከግቢው ሌላ ክፍል መሆኑ ነበር። ሌሎቹ መብራት ጠፍቶ ስለበረዳቸው ማንደጃውን ይዘው አንድ ክፍል ገብተዋል። በአንድ ቤት ያደሩ ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ራስ ምታት ከያዛቸው፣ ከምግቡ በፊት ከሰሉን ጠርጥሩ።

ይህ በብዛት የሚያጋጥመው መቼ እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። አንደኛው በክረምት ብርድና መብራት በሚጠፋበት ሌሊት ነው። ሁለተኛው ከቡና በኋላ ነው፤ ቡናው ተጠጥቶ ያልቃል፣ ፍሙ ግን “ቤቱን ያሙቅ” ተብሎ ይቀራል። ሦስተኛው አራስ ቤት ነው፣ ለእኔ ከሁሉም የሚያሳስበኝ። አራስና ጨቅላ “ብርድ እንዳይመታቸው” ተብሎ በሩም መስኮቱም ይዘጋል፣ ገንፎው ይገነፋል፣ ቡናው ይፈላል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ሁሉም በዚያችው ክፍል ውስጥ። ልማዱ የፍቅር ነው፤ ማንም እንዲተው አልጠይቅም። ገንፎውም ቡናውም ውጭ ይሠራና ይግባ። ለሙቀት ብርድ ልብስ፣ ኮፍያና የእናት ገላ ይበቃሉ። ነፍሰ ጡር ሴት ያለችበት ቤትም እንዲሁ ነው፤ ጋዙ ወደ ፅንሱ ያልፋል፣ እናቲቱ ቀለል ያለ ምልክት ብቻ እያላት ፅንሱ ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል።

ውጭ አገር የምትኖሩም ከዚህ አላመለጣችሁም። የአሜሪካም ሆነ የአውሮፓ አፓርታማ ብርድ እንዳያስገባ ሆኖ የተሠራ ነው፤ በውስጡ ለቡናና ለዕጣን የሚቀጣጠል ከሰል አየር የሚወጣበት ቀዳዳ አያገኝም። ቡናውን በኤሌክትሪክ አፍሉ። በየመኝታ ክፍሉ አቅራቢያ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ይኑር፤ ከጭስ ማንቂያው የተለየ መሣሪያ ነው፣ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም፤ ሁለቱንም በአንድ ላይ የያዘም ይሸጣል። ማንቂያው ሲጮህ ባትሪውን ከማውጣት በፊት ቤተሰቡን ከቤት አውጡ።

አንድ ሰው በከሰል ታፍኖ ካገኙ መጀመሪያ ወደ ንጹሕ አየር ያውጡት፤ እርስዎም እዚያው ክፍል ውስጥ አይቆዩ። የማይተነፍስ ከሆነ፣ የሚያውቁት ካለ ሰው ሠራሽ ትንፋሽና የልብ ግፊት ይጀምሩ። ወተት ማጠጣት፣ ሎሚ ማሽተት፣ ውሃ መድፋት ጋዙን ከደም አያስወጡም፤ ራሱን ለሳተ ሰው ወተት ወደ ሳንባው ገብቶ ሌላ አደጋ ይሆናል። መድኃኒቱ ኦክስጅን ነው። በተራ አየር የጋዙ ግማሽ ከደም እስኪወጣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ በጭንብል በሚሰጥ ንጹሕ ኦክስጅን ግን ወደ ሰዓት ተኩል ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ለዚህ ነው “ተሽሎኛል” ቢልም ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያለበት።

እዚያም ስትደርሱ “ቤት ውስጥ ከሰል ነበር” ብላችሁ መናገር አትርሱ። ጣት ላይ የሚደረገው ተራው የኦክስጅን መለኪያ ካርቦን ሞኖክሳይድን ከኦክስጅን ስለማይለይ 98 ወይም 99 ሊያሳይ ይችላል። ቁጥሩ ጥሩ ነው ተብሎ ወደ ቤት የተመለሰ ታካሚ አለ። ከዳነ በኋላም ከቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ድረስ የመርሳት፣ የጠባይ መለወጥ ወይም አካሄድ የመበላሸት ምልክት ሊመጣ ስለሚችል፣ ቤተሰብ ይከታተለው።

ላምባ

ስለ ላምባ (ነጭ ጋዝ) ብዙ አልልም፤ ሌላ አማራጭ ካለ አይምረጡት። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ በቤት ውስጥ እንዳይጠቀሙበት መክሯል። ጭሱ ሳንባን ይጎዳል፤ ምድጃው እየነደደ ላምባ ሲጨመርበት ድንገት ይቀጣጠላል። በውሃ ፕላስቲክ የተቀመጠ ላምባ ውሃ መስሏቸው የሚጠጡ ሕፃናትም አሉ። ልጅ ላምባ ከጠጣ እንዲያስመልስ አያድርጉት። ሲያስመልሰው ወደ ሳንባው ገብቶ ከሆዱ የባሰ ይጎዳዋል። ወተትም ሆነ ዘይት ሳይሰጡ ወዲያው ወደ ሐኪም ይውሰዱት።

ጋዝ

የሲሊንደር ጋዝ ከማገዶና ከከሰል ጋር ሲነጻጸር ለሳንባ ትልቅ እፎይታ ነው። ብናኙ በጣም ያነሰ ነው፣ ቶሎ ያበስላል፣ መብራት ሲጠፋም ይሠራል። የሚያስፈራው ፍንዳታው ነው፤ ፍርሃቱ ተገቢ ቢሆንም በጥንቃቄ የሚቀንስ ነው።

በሲሊንደር የሚሸጠው ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ሲያፈተልክ ወደ ላይ አይወጣም፣ ወለሉ ላይ ይተኛል። ስለዚህ ከፍ ያለች ትንሽ መስኮት ብቻ አትበቃም፣ በሩ መከፈት አለበት። የሚሸተው መጥፎ ሽታ ሰው እንዲነቃበት ተብሎ የተጨመረ ነው። ሲሸትዎ የሲሊንደሩን መዝጊያ ይዝጉ፣ በርና መስኮት ይክፈቱ፣ ሰው ሁሉ ይውጣ። መብራት አያብሩ፣ የበራውንም አያጥፉ፤ ማብሪያና ማጥፊያው ራሱ ብልጭታ ይፈጥራል። ቱቦው ከግንኙነቱ ላይ ያፈስ እንደሆነ በሳሙና አረፋ ይፈትሹ፤ አረፋው ከተነፋ ያፈሳል። በክብሪት የሚፈትሽ ሰው ዛሬም አለ፤ እባክዎ አይሞክሩት። ሲሊንደሩ ሁልጊዜ ቆሞ ይቀመጥ፣ ማታ ማታ መዝጊያው ከላይ ይዘጋ።

ጋዝ ፈጽሞ ንጹሕ አይደለም። ሲነድ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይፈጥራል፤ ይህ ጋዝ የአየር ቧንቧን ያስቆጣል፣ በልጆች ላይም ከአስም ጋር ይያያዛል። ከማገዶ ወደ ጋዝ ለተሸጋገረ ቤት ይህ ትንሽ ዋጋ ነው። ነገር ግን ጋዝና ኤሌክትሪክ ሁለቱም በእጁ ላሉ ሰው፣ በተለይ አስም ያለበት ልጅ ካለው፣ ኤሌክትሪኩ ይሻላል። ጋዝ የተገጠመለት ቤት ተከራይተው ከሆነ በሚያበስሉበት ጊዜ ሁሉ ጭስ መሳቢያውን ያብሩ፤ አየሩን ወደ ውጭ የሚያወጣ መሆኑንም ያረጋግጡ። አንዳንዱ አጣርቶ እዚያው ቤት ውስጥ ይመልሰዋል።

ኤሌክትሪክና ኢንዳክሽን

ኤሌክትሪክ ምድጃ ቤት ውስጥ የሚያነደው ነዳጅ የለም፤ ለሳንባ ይህን የሚያህል የለም። በገበያው ላይ ርካሹ ሽቦው የሚታየው ዓይነት ነው። ይህን አልወደውም። ወጥ ገንፍሎ ሽቦው ላይ ሲፈስ ወይም የብረት ማማሰያ ሽቦውን ሲነካ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ሽቦው በብረት የተሸፈነውን፣ ባለ ሦስት ሹካ ሶኬት ያለውንና የመሬት ሽቦው በትክክል የተያያዘውን ይምረጡ። ምጣድና ምድጃን በአንድ ማከፋፈያ ላይ አይሰኩ። ኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ለብቻው የተዘረጋ ወፍራም መስመር ይፈልጋል። አክንባሎውን ሲያነሱ ከፊትዎ በተቃራኒ በኩል ይክፈቱት፤ የእንፋሎት ቃጠሎ እንደ ፈላ ውሃ ነው።

ኢንዳክሽን መስተዋቱን አያሞቅም፤ በመግነጢስ ኃይል ድስቱን ራሱን ነው የሚያሞቀው። ድስቱ ሲነሳ ሙቀቱ ይቆማል፤ ረስተው ቢሄዱ ብዙዎቹ ራሳቸውን ያጠፋሉ። የሚነድ ነገር ስለሌለ ነጠላ ወይም የቀሚስ ጫፍ በእሳት አይያዝም። ለአረጋዊ ወላጅና ለሚረሳ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ገደቡ ዕቃው ነው። የሸክላ ድስትና ጀበና፣ ተራ የአሉሚኒየም ድስትም አይሠሩበትም። ማግኔት የድስቱን ቂጥ ከያዘ ይሠራል፤ ከመግዛትዎ በፊት ትንሽ ማግኔት ይዘው ይሂዱ። አንድ ነገር ግን አይዘንጉ፦ ምድጃው ቀዝቃዛ ቢሆንም ውስጡ ያለው ዘይትና ወጥ እንደማንኛውም ምድጃ ይፈላል። መስተዋቱም ከድስቱ በወሰደው ሙቀት ለጥቂት ጊዜ ያቃጥላል።

ኤሌክትሪክ የሚገዛ ቤተሰብ ሁሉ የሚጠይቀኝ “መብራት ሲጠፋስ?” ነው። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የሚቻል ከሆነ መጠባበቂያው ከሰል ሳይሆን ትንሽ ሲሊንደር ጋዝ ይሁን። ከሰል ከሆነም በረንዳ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ ይቀጣጠል፣ እዚያው ይጥፋ።

በቤት ውስጥ ሕመምተኛ ካለ

የሚጥል በሽታ። በአገራችን የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ከሚጎዷቸው ነገሮች ዋነኛው እሳት ላይ መውደቅ ነው። መሬት ላይ ያለ ክፍት እሳት ለእነሱ ከሁሉም የከፋ ነው። ኢንዳክሽን ወይም የተሸፈነ ኤሌክትሪክ ይሻላል፤ ባለብዙ ዓይን ምድጃ ከሆነ የኋላውን ይጠቀሙ፣ የድስቱ እጀታ ወደ ግድግዳ ይዙር፣ ትኩሱን ድስት ሌላ ሰው ያውርደው። መድኃኒት ሳያቋርጡ መውሰድ ከየትኛውም ምድጃ በላይ ይከላከላል።

ስኳር። ስኳር ለረጅም ጊዜ የቆየባቸው ብዙ ሰዎች እግራቸው ይደነዝዛል። “እግሬ በረደኝ” ብለው ማንደጃ ዳር ይቀመጣሉ፤ ሲቃጠል አይሰማቸውም፣ የሚያዩት ሲቆስል ነው። እንዲህ በጀመረ ቁስል ጣት የተቆረጠ ታካሚ አውቃለሁ። ካልሲ እንጂ ፍም አይሙቁ።

የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ (ፔስሜከር)። ኢንዳክሽን አይከለከልም። ነገር ግን መሣሪያው ያለበት የደረት ክፍል ከምድጃው ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ ተጎንብሰው አያማስሉ። የመሣሪያውን ዓይነት ለልብ ሐኪምዎ ነግረው ያረጋግጡ።

በቤት ውስጥ ኦክስጅን የሚወስድ ሰው። ከማንኛውም ክፍት እሳት፣ ሻማና ዕጣን ጭምር፣ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ። የጋዝ ምድጃ ላይ ኦክስጅን እያደረገ አያብስል።

አስምና ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም። ወደ ኤሌክትሪክ መቀየር ሕክምናውን ያግዛል፣ የሚነፋውን መድኃኒት ግን አይተካም። ልጁ እስኪሻለው ደግሞ ቡና ሲቆላና በርበሬ ሲታመስ ከዚያ ክፍል ይውጣ።

አዲሱ ምድጃ ሲገባ አሮጌው ካልወጣ ለውጡ ግማሽ ነው። ወጡ በኤሌክትሪክ፣ ሽሮው በከሰል፣ እንጀራው በማገዶ የሚሠራበት ቤት ብዙ ነው፤ ሳንባው የሚቆጥረው የሁሉንም ድምር ነው። ሁሉንም በአንዴ መቀየር ካልቻሉ በጣም የሚጨሰውን፣ ማለትም የእንጀራውን ይቀይሩ፤ ወይም እንጀራውን ከውጭ ይግዙ።

ቃጠሎ ከደረሰ

የተቃጠለውን ቦታ ወዲያው በሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያብርዱት። በረዶ አይደለም፤ የቧንቧ ውሃ። ቀለበትና አምባር ሳያብጥ ያውልቁ። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ የቡና ዱቄትና አመድ አይቀቡ፤ ሙቀቱን አፍነው ይይዛሉ፣ ቁስሉንም ያመረቅዛሉ። የፈነዳ ባይሆን የቋጠረውን ውሃ አያፍርጡ። በንጹሕ ጨርቅ ወይም በንጹሕ የምግብ መጠቅለያ ላስቲክ ላላ አድርገው ይሸፍኑ። ሕፃን ልጅ ሲሆን የቀረውን ሰውነቱን እንዳይበርደው ይሸፍኑት።

ቃጠሎው ከተጎጂው መዳፍ የሚበልጥ ከሆነ፣ ፊት፣ እጅ፣ እግር፣ መገጣጠሚያ ወይም ብልት ላይ ከሆነ፣ ከኤሌክትሪክ የመጣ ከሆነ፣ ቦታው ነጭ ወይም ጥቁር ሆኖ የማያም ከሆነ፣ ወይም የተጎዳው ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር፣ አረጋዊ ወይም የስኳር ሕመምተኛ ከሆነ ዛሬውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። በዝግ ክፍል ጭስ የተነፈሰ ሰው ድምፁ ከጎረነነ ወይም አክታው ጥቁር ከሆነ ትንፋሹ ደህና ቢመስልም አይጠብቁ፤ ጉሮሮው በሰዓታት ውስጥ ሊያብጥ ይችላል። በአዲስ አበባ የእሳትና የድንገተኛ አደጋ ስልክ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።